ከረሜላ ብዬ የሰጠኋት

ሰኞ 4

ይህን ደብተር ለምትሰርቀኝ ሌባ፦ ግራ እንዳይገባህ አስቀድሜ ልንገርህ። በዚህ ቤት ያለነው ሦስት ነን። እኔ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ፤ ሦስት ዓመት ብቻ ተምሬ የቀረውን ከመኪና መመሪያ፣ ከጋዜጣና ከመድኃኒት ወረቀት ላይ እየለቃቀምኩ ራሴን ያስተማርኩ። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እኔን ማሳደግ ይዛለች። ሦስተኛዋ ልጇ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እኔ መኪና በምጠግንበት የስፌት ድርጅት ጨርቅ ቆራጭ ናት። ፌንጣ እላታለሁ፤ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች እንጂ እንደ ሰው ወጥታ አታውቅም።

ፌንጣ ከአውቶቡስ ስትወርድ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጄሶ ከርማ ነበር። ዛሬ ጄሶው ተፈታ። ባቷ ግን አብጦ ተገኘ፤ ሐኪሙ አልወደደውም። ቢመረምሩት ደም ረግቶበታል። ደም ማቅጠኛ ክኒን ታዘዘላት፤ ለስድስት ወር። ካልወሰደችው የረጋው ተነስቶ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል አሉ። እኔ ቦርሳዋን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እትዬ ወጥታ የተባለውን ነገረችኝ፦ «ይቺን ብቻ ነው የምትወስደው። ሐኪም ሳትጠይቅ ሌላ መድኃኒት እንዳትነካ ብሏል።»

ክኒኑን በትንሽ ፖስታ ቆጥረው ነው የሰጧት፤ ወረቀት የለውም። የማነበው በማጣቴ ቅር አለኝ።

«ደምሽ ሲቀጥን ምላስሽ አብሮ እንዳይቀጥን» አልኳት።

«ያንተ ስንት ዓመት ተስሎ መች አለቀ፣ ጋሼ» አለችኝ።

ለመኪናም ቀጭን ዘይት ነው የሚሻለው፣ ያፈጥነዋል አልኳቸው። እትዬ ሳቀች። ልጅቷ ከተሰበረች ወዲህ ስትስቅ ገና ማየቴ ነው።

ቅዳሜ 9

ፌንጣ ተኝታ ዋለች። «ምን ሆነች?» ስላት እትዬ «ሆዷን ነው» አለች። በእኛ ቤት «ሆዷን ነው» ከተባለ ወንድ ጥያቄውን እዚያው ያቆማል። ያደግነው እንዲያ ነው።

ባዶ እጄን ግን አልቀረሁም፤ ከረሜላ ወሰድኩላት። ሌባው፣ ከረሜላ የምለው ለወገቤ የምውጠውን ክኒን ነው። ቀይ፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ፤ የማኖረውም በከረሜላ ጠርሙስ ነው። ፌንጣ ስድስት ዓመቷ ሳለ «ምን ትበላለህ?» ብትለኝ «ከረሜላ። ሽማግሌ አፍ ውስጥ ብቻ ነው የሚጣፍጠው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ሌላ ስም የለውም። እትዬ እንኳ «ከረሜላህን ዋጥክ ወይ?» ነው የምትለኝ። ፌንጣ ካደገች ወዲህ በየወሩ ሆዷን በሚያማት ጊዜ ሁለት ሁለት እሰጣታለሁ፤ አንድም ቀን ምንም ሆና አታውቅም።

ዛሬም ሁለት ሰጠኋት። ሰዓት ሳይሞላ ለቀቃትና ተኛች። ዶክተር ቢሉኝ ይገባኛል።

ሐሙስ 14

ድርጅቱ ውስጥ ከአንዲት መኪና ሥር ተጋድሜ ጨርቅ የሚጎትተውን ጥርሷን ሳጠብቅ ሁለት ሰፊዎች ከበላዬ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ዛሬም ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ መጣች።»

«በዚህ ሙቀት? ስንተኛ ቀኗ ነው?»

«እኔ እንጃ። ስድስት ቆጥሬያለሁ።»

ብቅ ስል ወደ ስፌታቸው ዞሩ። የሚያወሩት ስለ ፌንጣ እንደሆነ ገባኝ፤ ሹራቡን ጠዋት እኔም አይቼዋለሁ። «አዲስ ፋሽን ነው፤ ከወገብ በታች ብርድ የሚመታው ሰው ብቻ ነው የሚለብሰው» አልኳቸው። አንዷም አልሳቀችም። ቀልድ ሲከሽፍብኝ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ እንዲህ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ግን ከሽፎብኝ አያውቅም።

ሰኞ 18

አንሶላ ገመድ ላይ። ሳይነጋ የታጠበ። «ገና ሐሙስ አጥበሽ አልነበር እንዴ?» እትዬ፦ «ሥራህን ሥራ።»

እሑድ 24

ፌንጣ በዚህ ሳምንት ደህና ናት። የደም ምርመራ ነበራት፤ ውፍረቱ ልኩ ላይ ነው ተባለች፤ ተደሰትን። የእትዬን መነጽር ደብቄ አፍንጫዋ ላይ እንዳለ አሳምኛት አፍንጫዋን ስትዳብስ ፌንጣ በሳቅ ወደቀች።

አንድ ነገር ገርሞኛል። በረዶ ትቆረጥማለች። ከማቀዝቀዣው እያወጣች፣ ቀኑን ሙሉ፣ እንደ ቆሎ። «ምን አየሽበት?» ብላት «እኔ እንጃ፣ ያምረኛል» አለች።

ረቡዕ 4፣ ሁለተኛው ወር

ሆዷን። ከረሜላ፤ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት። ሥራ በዝቶብኛል፤ ሦስት መኪና ቆሟል።

ሰኞ 9

ዛሬም ሆዷን ነው። ስድስተኛ ቀኑ። ከረሜላው ሳይቋረጥ ነው የምሰጣት፤ ሲያልቅ ሌላ ገዛሁ።

ከሥራ ስንመለስ እኔ ቀድሜ ወጥቼ ከላይ ጠበቅኳት። ደረጃው ሠላሳ አራት ነው። አሥሩን ወጣች፣ ቆመች። ስድስት ወጣች፣ ቆመች። እያጨበጨብኩ «ፌንጣ ነሽ ወይስ ቀንድ አውጣ?» ብዬ ጮኽኩ። ብረቱን ይዛ ሳቀችልኝ። ከተጠጋችኝ በኋላ ነው ከንፈሯን ያየሁት። የተጻፈበት የሌለው ወረቀት ይመስላል።

ባላጨበጭብ ጥሩ ነበር።

ሐሙስ 12

ምላጭ ልገዛ ወረድኩ። ባለሱቋ «ለእህትህ ንገራት፣ ሞዴሱ መጥቷል» አለችኝ፤ ድምፅዋንም አልቀነሰችም። «እንዲያው ስንት ሴት ነው እናንተ ቤት ያለው? ትናንት ሦስት እሽግ፣ ከትናንት ወዲያ ሁለት።»

ጆሮዬ ጋለ። ምላጩን ረስቼ ወጣሁ።

እኔ ምን አውቃለሁ። ስንት የተለመደ ነው፣ ስንት ነው የሚበዛ፣ ማን ነግሮኝ ያውቃል። የመኪና ከሆነ በስንት ሰዓት ስንት ጠብታ ዘይት እንደሚፈጅ በቃሌ እነግርሃለሁ።

ቅዳሜ 14

ቆርጬ እትዬን ጠየቅኳት። ልብስ እየተኮሰች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ልጅቷ ደም እየፈሰሳት ነው?»

«የሴት ነገር ነው። አንተ መኪናህን ጠግን።»

«አሥር ቀን ሆናት እኮ፣ እትዬ።»

«ክኒኑ ነዋ። ደሙን ሲያቀጥነው ምን ይሁን? ስድስት ወሩ ሲያልቅ ይቆማል።»

«ለሐኪሙ ነግራችሁታል?»

«ምን ብላ ትንገረው? እሱም አንተን የመሰለ ወንድ ነው። የጠየቃት እንደሆነ እግርሽ እንዴት ነው ይላል፤ እግሬ ደህና ነው ትላለች።» ካውያውን አቆመችው። «ላስተዋትም አስቤ ነበር። ሳንባዋ ቢገባስ? ብትወስደው ይፈሳታል፣ ብትተወው ትታፈናለች። እግዜር ያሳይህ።»

እሷው መልሳ «ያንተ ከረሜላ ባይኖርማ ቁርጠቱን በምን ትችለው ነበር?» አለችኝ። መመስገኔ ነው። ለምን እንዳልጣፈጠኝ አላውቅም።

ሰኞ 23

ደሙ ባለፈው ረቡዕ ቆሞላታል። እትዬ ናት የነገረችኝ፤ እሷም ዞራ ነው የተናገረችው።

ዛሬ ድርጅቱ ውስጥ ሁካታ ነበር። አንዷ ሰፊ ለመኪናዋ ያገኘችውን ቀጭን ዘይት አፍስሳበት በየመገጣጠሚያው እየወጣ ነጩን ጨርቅ በሙሉ አበላሽቶባታል። አለቃው ይጮሃል፣ ሴትየዋ ታለቅሳለች። ፈታሁትና አየሁት። ዘይቱ ብቻውን አይደለም፤ ዘይቱን የሚይዘው ማፈኛ ጎማም ተበልቷል። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቻል ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ነው የፈሰሰው።

ሥራዬን ጨርሼም እዚያው ብዙ ቆየሁ። ምን እንዳሰብኩ አልጽፍም።

ዓርብ 27

እንደገና ጀምሯታል። ዘጠኝ ቀን ነው ያረፈችው።

የሥራ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጣች፤ በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ። «ጋሼ፣ ከረሜላ።»

«ትንሽ ብትታገሺስ?» አልኳት።

«ምነው፣ ሰሰትክ?» ለመሳቅ ሞከረች። ግንባሯ በላብ ተጠምቋል።

ሰጠኋት።

ሐሙስ 3፣ ሦስተኛው ወር

መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ወደቀች። መቀሱ እጇ ላይ እንዳለ። ጫጫታ፣ ውሃ፣ የድርጅቱ ሾፌር። መኪናው ወንበር ላይ ደም። ሆስፒታል ነን።

ነርሷ መዝገቧን ይዛ ጠየቀች፦ «ከደም ማቅጠኛው ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

እትዬ፦ «አንድም።»

ፌንጣም በትራስ ላይ ራሷን ነቀነቀች፤ የለም።

እኔን የጠየቀኝ የለም።

ዓርብ 4

ሁለት ከረጢት ደም ሰጧት፤ ሦስተኛው ተንጠልጥሏል። የሚገባው ከሚወጣው ጋር እሽቅድምድም ይዟል። ሐኪሟ ዛሬ ሴት ናት፤ ወጣት፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ። «የደሙ ውፍረት ልኩ ላይ ነው። ልኩ ላይ ሆኖ ይህን ያህል መፍሰስ አልነበረበትም» አለች፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሷ። ካልቆመ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ያስገቧታል። እትዬ «ገብታስ ምን ይደረጋል?» አለቻት። «መጀመሪያ ማህፀኗን ለማትረፍ እንሞክራለን» አለች ሐኪሟ። እትዬ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተችው።

ልብስ አመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ቤት አልሄድኩም፤ ክኒኑን የምገዛበት መድኃኒት ቤት ሄድኩ።

«ለወገብህ ነው፣ ጋሼ?» አለኝ ፋርማሲስቱ፤ ሊያወርድልኝ እጁን እየዘረጋ።

«ለማወቅ ያህል ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይህን ቢውጠው ምን ይሆናል?»

እጁን መለሰው። «ማን ነው የዋጠው?»

«ለማወቅ ያህል አልኩህ እኮ።»

«ለማወቅ ያህል ከሆነ አንዲትም ፍሬ እንዳይቀምስ። ያኛው ደሙ ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። ይሄ ደግሞ ደም ውስጥ ያሉትን፣ ቀዳዳውን የሚደፍኑትን ሕዋሳት ሥራ ያስፈታቸዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የወሰደ ሰው ከደማ ማን ያቆመዋል?»

«ሴት ብትሆንስ?»

«ሴት ከሆነች በየወሩ ትደማለች፣ ጋሼ። ማን ናት?»

በሩን ገፍቼ ወጣሁ። የሆስፒታሉን አጥር ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ሁለተኛውን ስጨርስ የጠያቂ ሰዓት አልቆ ነበር። ዘበኛው «ነገ ና፣ አባት» አለኝ። እሺ አልኩት። ለዘበኛ እንኳ ቀልጄ የምገባ ሰው ዛሬ እሺ ብዬ ተመለስኩ። ቀልሎኝ ነበር። ይህንንም ልጻፈው፤ ቀልሎኝ ነበር።

ቅዳሜ 5

በር ሲከፈት ገባሁ። ሐኪሟ አልጋው ዘንድ ነበረች፤ እትዬ በአንድ ወገን። ፌንጣ ዓይኗን ብትከፍትም የምታየው እኔን አይመስለኝም።

«ዶክተር፣ መድኃኒት ትወስዳለች። ከረሜላ ሰጥቻታለሁ» አልኩ።

ሐኪሟ ግራ ገብቷት አየችኝ። እትዬ ተነሳች። «በዚህ ሰዓት? አሁንም ቀልድ? አንተ ሰው፣ ልብ አልፈጠረብህም?» የአጎራባቿ አልጋ አስታማሚ ክንዴን ይዛ ልታስወጣኝ ሞከረች። ዕድሜዬን ሙሉ ያላገጥኩትን ዛሬ በአንድ ጊዜ ከፈልኩ፤ እውነት ስናገር የሚያምነኝ ጠፋ።

ጠርሙሱን ከኪሴ አውጥቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። «ይሄ ነው። ከረሜላ ያልኩት እኔ ነኝ። ከረሜላ አይደለም።»

ሐኪሟ አንዱን አንስታ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ወደ መስኮቱ ዞራ አነበበች። ፊቷ ተለወጠ።

«በቀን ስንት?»

«አራት። አንዳንዴ ስድስት።»

«ከመቼ ጀምሮ? ቀኑን ንገሩኝ። ስንት ቀን ፈሰሳት፣ ስንት ቀን አረፈች?»

እትዬ አታውቅም፤ ዘርዝራ ይዛው አታውቅም። ፌንጣ መናገር አትችልም። ያለው ይህ ደብተር ብቻ ነው። አወጣሁና እዚያው ቆሜ፣ በስምንት ሴቶች መካከል፣ ቀልዶቹን እየዘለልኩ አነበብኩላት። ቅዳሜ 9፣ ሆዷን፣ ሁለት። ረቡዕ 4፣ ሆዷን፣ አራት። «ሆዷን ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ ሐኪሟ። እትዬን አየኋት። አቀረቀረች።

«የወር አበባዋን ማለት ነው» አልኩ። በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው፤ በሃምሳ ሰባት ዓመቴ።

ሐኪሟ እየሮጠች ወጣች። ትዕዛዝ ተቀየረ፣ አዲስ መርፌ መጣ። ስትመለስ እንዲህ አለችን፦ «ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሴቶች የወር አበባቸው ብዙ ጊዜ ይበዛል። የታወቀ ነው። ቢነገረን በሌላ መንገድ እንረዳት ነበር።»

«ማን ጠየቀን?» አለች እትዬ።

ሐኪሟ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ልክ ነሽ፣ እናቴ። መጠየቅ ነበረብን።»

ሰኞ 7

ቀነሰላት። አልቆመም፣ ቀነሰ። ቀዶ ጥገናውን አቆይተውታል።

እትዬ ከቅዳሜ ጀምሮ አላናገረችኝም። ዛሬ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ግድግዳውን እያየች «ሆዷን ነው ያልኩህ እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የሰጠኋት» አልኳት።

ረቡዕ 9

ቆመ። ማህፀኗም ተረፈ።

እሑድ 20

ቤት ገብታለች። ደረጃውን እኔና ሾፌሩ በወንበር ተሸክመናት ወጣን። ደም ማቅጠኛውን መተው አይቻልም፤ ገና ሦስት ወር ተኩል ይቀረዋል። የደም ማነስ ክኒን ተጨምሮላታል፤ በረዶ ያስቆረጠማትም የደም ማነሱ ነው ተባልን። በየወሩ የሚፈሰውን የሚቀንስ ሌላ ዘዴ አለ፤ ስትጠነክር ከሐኪሟ ጋር ይነጋገሩበታል። እስከዚያ የሚመጣውን መቀበል ነው። ለቁርጠት የፈቀዱላት አንድ ነጭ ክኒን ብቻ ነው። ሐኪሟ ሦስታችንንም አስቀምጣ፦ «በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሙሉ ሞዴስ ከሞላባት፣ ያም በተከታታይ ሁለት ሰዓት ከሆነ፣ አትጠብቁ። ይዛችኋት ኑ።»

ፌንጣ ለብቻችን ስንሆን «ጋሼ፣ በእኔ ተቀየምክ?» አለችኝ። እኔ በእሷ።

ቅዳሜ 3፣ አራተኛው ወር

ዛሬ ጠዋት ጀመራት። ራሷ መጥታ ነገረችኝ፤ በስሙ ጠርታ። «ምንም እንዳትሰጠኝ» አለችኝ ቀጥላ። «ብለምንህም።»

እስከ አምስት ሰዓት ደህና ነበረች። ነጩን ክኒን ወሰደች፤ ብዙም አልያዘላት። ሰባት ሰዓት ላይ ለመነችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «አንዲት ብቻ፣ ጋሼ። ግማሽ» አለች። የለኝም አልኳት፤ እውነትም የለኝም፣ እኔም ወገቤን ይዤ ነው የምሄደው። «ሂድና ግዛልኝ» አለች። አልሄድኩም። እጄን ያዘችና ጨመቀችው፤ ቆራጭ ናት፣ የእጇ ጉልበት አልጠፋም። የሞቀ ውሃ ላስቲክ ሆዷ ላይ አደረግንላት። እየቆየ ለቀቅ አደረጋት።

እትዬ በየጊዜው ትጠይቃታለች፤ እኔ እያለሁ፣ ጮክ ብላ፦ «ቀየርሽ?»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለት ሞዴስ ብቻ። ጥሩ ነው ተባባልን። አሥር ሰዓት ላይ አንድ ቀየረች፤ ግማሽ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሌላ።

«ሙሉ ነው?» አለች እትዬ።

«ሙሉ ነው» አለች ፌንጣ።

ሾፌሩን ደውዬ ጠራሁት፤ ታች ቆሟል። አሁን ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው፤ የሚቀጥለውም ከሞላ እንሄዳለን። ሦስታችንም የግድግዳውን ሰዓት እያየን ተቀምጠናል። ጫማዬን አላወለቅኩም።